ስለ አበባ ቦታ አጥር፣ ስለ ውሻና ስለ ድመት

በምንሠራበት መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት አንዲት አነስተኛ የአበባ መደብ አለች። ስፋቷ ከአንድ የጽሕፈት ክፍል ወለል አይበልጥም። ባለፈው ሰኔ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ ሠራተኞቹ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተን 12 የጽጌረዳ ችግኝ አስተከልን፤ በግራና በቀኙም ልዩ ልዩ የአበባ ዘር ዘራን። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀን ጧት ስንገባ መደቡ ተቆፋፍሮ፣ ሦስቱም ችግኝ ከነሥሩ ተነቅሎ አገኘነው።

ወዲያውኑ ምርመራ ተጀመረ። ግማሾቹ ጥፋቱን በግቢው ውሻ ላይ አደረጉት፤ ግማሾቹም በመዝገብ ቤቱ ድመት ላይ አሳበቡ። ከመካከላችን አንዱ፣ የጽሕፈት ነገር የማያስቸግረው ሰው፣ ውሻው በመርዝ እንዲወገድ፣ ድመቷም በጆንያ ተደርጋ ከከተማ ውጭ እንድትጣል የሚያሳስብ ማስታወሻ ጽፎ ለፊርማ አዞረ። ማስታወሻው ከእኛ ጠረጴዛ ሲደርስ የተቀመጡበትን ፊርማዎች ቈጠርናቸው፤ ጥቂቶች አልነበሩም። ከመፈረማችን በፊት ግን ነገሩን ከሽማግሌው ዘበኛ ለመስማት ወደ በሩ ወረድን።

«ጌታዬ» አሉን ዘበኛው፣ «ውሻውን ሌባ ይጠብቅ ብላችሁ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ድመቷንም አይጥ መዝገቡን ጨረሰው ብላችሁ ያስመጣችኋት እናንተው ናችሁ። እነሱ እዚህ ከገቡ አምስት ዓመታቸው ነው። አበባው ግን የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። እንግዳው ማን እንደ ሆነ እርስዎ ይፍረዱ።»

ፍርዱን ለጊዜው አቆየነው። የሽማግሌው ቃል ግን ከልባችን ስላልጠፋ፣ በዕረፍት ሰዓታችን የአትክልት ቦታንና የአጥርን ታሪክ ከያለበት እየፈለግን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን ለአንባቢያን እነሆ እናቀርባለን። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ያገራችንን ግን ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን እንመርምር። ገነት የምንለው ቃል ከዕብራይስጡ ጋን፣ ከዐረብኛውም ጀና ጋር አንድ ዘር ነው። በዕብራይስጥ ሥሩ መጠበቅንና መከለልን፣ በዐረብኛም መሸፈንን ያመለክታል። የጥንት ኢራናውያን በዙሪያው ግንብ የተሠራበትን ቦታ ፓይሪዳኤዛ ይሉት ነበር። ግሪኮች ይህንን ቃል ወስደው ፓራዴይሶስ አሉት፤ ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ ቋንቋ የመለሱት ሊቃውንትም አዳምና ሔዋን የኖሩበትን ቦታ በዚሁ ስም ጠሩት። የእንግሊዝኛው ጋርደን የሚባለው ቃልም ቢሆን ከመታጠርና ከመከለል የመጣ ነው። እንግዲህ በብዙ ሕዝብ አንደበት አትክልት ቦታ መጀመሪያ አጥር ነው፤ ተክሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አጥሩ በማን ላይ ታጠረ? ቢባል፣ በጥንት ዘመን በውሻና በድመት ላይ አልነበረም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ያገራችንን ምሳሌ እንመልከት። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሰው ጠባይ ለመናገር ስለ ሆነ ስለ አጥር የተነገረ መሆኑን እንዘነጋዋለን። በምሳሌው ውስጥ አጥሩ የተሠራው ለጅቡ ነው። ውሻው የቤቱ ወገን ነው፤ ጥፋቱም ቀዳዳ መክፈቱ እንጂ መግባቱ አይደለም።

በግብፅም ነገሩ እንዲሁ ነበረ። በቴቤስ ከተማ ነባሙን የሚባል ሹም የተቀበረበት መቃብር በ1350 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ባንደኛው ሥዕል ዓሣና ዳክዬ የሞላበት ኩሬ፣ በዙሪያውም ተምርና ሾላ የተተከለበት አትክልት ይታያል። በሌላው ሥዕል ደግሞ ነባሙን ከሚስቱና ከልጁ ጋር በታንኳ ሆኖ ወፍ ሲያድን፣ አንዲት ቡራቡሬ ድመት በጥርሷም በጥፍሯም ወፎች ይዛ አብራው ታድናለች። ይህ ሰው ወደ ወዲያኛው ዓለም ይዞት ሊሄድ የወደደው አትክልቱንም ድመቱንም ነው።

ሄሮዶቱስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ፣ በግብፅ ድመት የሞተችበት ቤተ ሰብ ቅንድቡን፣ ውሻ የሞተበት ግን ራሱንና ገላውን በሙሉ ይላጭ እንደ ነበረ ይነግረናል። ዲዮዶሮስ የተባለው ሌላው ጸሐፊ ደግሞ በ60 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በግብፅ ሳለ፣ አንድ ሮማዊ ሳያስበው ድመት ስለ ገደለ ሕዝቡ ቤቱን ከቦ እንደ ገደለው፣ የንጉሡ ሹማምንት ልመናም ሆነ የሮማ መንግሥት ፍርሃት እንዳላዳነው በዓይኑ ያየውን ጽፏል። ያን የመሰለ ማስታወሻ በዚያ አገር ለፊርማ ያዞረ ጸሐፊ ቢገኝ ኖሮ ምን ይደርስበት እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም።

ስለ አጥር አሠራር በዝርዝር ከጻፉት ከጥንት ሰዎች መካከል እኛን እጅግ ደስ ያሰኘን ኮሉሜላ ነው። ይህ ሰው በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ ትውልዱ ከእስፓኝ አገር ከጋዴስ ከተማ የሆነ ሮማዊ ገበሬና ጸሐፊ ነው። ስለ እርሻ 12 መጻሕፍት ጽፎ ትቶልናል። በውሻ ረገድ የሰጠው ምክር የሚጀምረው ከጠጉሩ ነው። የግቢ ውሻ ጥቁር ይሁን ይላል፤ ሌባ በቀን ሲያየው ይደነግጣል፣ በሌሊት ደግሞ ከጨለማው ጋር ስለሚመሳሰል አያየውም። የእረኛ ውሻ ግን ከተኩላ ጋር ተሳስቶ እንዳይመታ ነጭ ይሁን። ስሙም ሲጠራ ፈጥኖ እንዲሰማ አጭር ይሁን። (የእኛ መሥሪያ ቤት ውሻ ቡናማ ነው፤ ስሙም ረዥም ነው። በኮሉሜላ ዘንድ ፈተናውን የሚያልፍ አይመስለንም።)

ስለ አትክልት ቦታ አጥር ሲናገርም አስቀድሞ የቀደመውን የዴሞክሪቶስን አሳብ ያነሣል። ዴሞክሪቶስ አትክልቱን በግንብ የሚያጥር ሰው ብልኅ አይደለም ይላል፤ የጡብ ግንብ ዝናብና ነፋስ ያፈርሰዋል፣ የድንጋዩ ደግሞ ወጪው ከአትክልቱ ዋጋ ይበልጣል። ኮሉሜላ ይህንን ከጠቀሰ በኋላ ድኻውም ሊሠራው የሚችለውን ዘዴ ያሳያል። ይኸውም እንዲህ ነው። የበሰለ የእሾሃማ ቍጥቋጦ ፍሬ ተሰብስቦ ከጓያ ከሚመሳሰል እህል ዱቄት ጋር በውሃ ይለወሳል። ከዚያ በአሮጌ የመርከብ ገመድ ላይ ይቀባና ደርቆ ከጣራ ሥር ይቀመጣል። በመከር ጊዜ በአትክልቱ ዙሪያ በመካከላቸው የ3 ጫማ ርቀት ያለባቸው ሁለት ቦዮች ይቈፈራሉ። ብርዱ አልፎ ወንጭፊት የምትባለው ወፍ ስትመለስ ገመዱ በየቦዩ ተዘርግቶ ትንሽ አፈር ይለብሳል። እሾሁም ከገመዱ እየበቀለ፣ ከሁለቱ መሥመር እየተቃቀፈ፣ ከብትም ሌባም የማያልፈው አጥር ይሆናል። ገንዘብ የሚጠይቅ ምንም ነገር የለበትም፤ አሮጌ ገመድ፣ የዱር ፍሬና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከእነዚህ የእሾህ ዓይነቶች አንዱን ግሪኮች የውሻ እሾህ ይሉት እንደ ነበረ፣ ሮማውያንም በቋንቋቸው እንዲሁ እንደ ጠሩት ኮሉሜላ ይናገራል። ብዙ ሰዎች የዱር ጽጌረዳ ነው ይሉታል። ይህን ስናነብ ያገራችን ቀጋ ትዝ አለን። ቀጋ ሊቃውንቱ ሮዛ አቢሲኒካ ብለው የሰየሙት፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ዘር ነው። ያገራችን ባላገር ፍሬውን ይበላል፤ እሾኹንም ለአጥር ያደርገዋል። ይህን ዘዴ ከሮማዊ መጽሐፍ የተማረው አይደለም። በከተማ የምንኖረው ግን በብዙ ብር የምንገዛውን ጽጌረዳ ተክለን፣ ዘመዱ የሆነውን ቀጋ ረስተነዋል።

ከኮሉሜላ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በሮማ መንግሥት መጨረሻ፣ ፓላዲዩስ የሚባል ጸሐፊ ተነሣ። ይህም ሰው ስለ ድመት የጻፈው ነገር ለዘበኛችን ትልቅ ምስክር ነው። በአትክልት መካከል፣ በተለይም አርቲቾክ በሚባለው እሾሃም ተክል መካከል፣ ድመቶችን ማኖር በፍልፈል ላይ ይጠቅማል ይላል። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ድመት የምትጠራበት ካቱስ የሚለው የላቲን ስም በጽሑፍ ከተገኘባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይኸው ምክር ነው። እንግዲህ ድመት በዚህ ስሟ ወደ ላቲን የእርሻ መጽሐፍ ስትገባ የገባችው ከአትክልት ቦታ እንድትባረር ሳይሆን በአትክልት ቦታ እንድትሾም ነው።

ታዲያ ሹመቷ እንዴት ተሻረ? ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ የራሳችን አሳብ ነው። አትክልቱ ለመብል እስከ ሆነ ድረስ ጠላቱ አይጥ፣ ፍልፈልና ሌባ ነው፤ ድመትና ውሻም በነዚህ ላይ ዘበኛ ናቸው። ጎመን በትንሽ መጫር አይጠፋም፤ ቢጠፋም ሌላ ይተከላል። አትክልቱ ለዓይን ብቻ የሆነ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። የአበባ መደብ የሚጠበቀው ከመራቆት ሳይሆን ከመበላሸት ነው። አንድ የእግር ዱካ እንኳ ጥፋት ሆኖ ይቈጠርበታል። ያን ጊዜ ዘበኛውና ወንጀለኛው አንድ ሆኑ።

የሁለቱ ጥፋት ግን ለየቅል ነው፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይገባል። የቤት ድመት የተገኘችው በሰሜን አፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ደረቅ አገር ከምትኖረው የዱር ድመት መሆኑን በ2007 የወጣ የዘር ምርመራ አረጋግጧል። ከሰው ጋርም ከጥንት ጀምሮ ናት፤ በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ከአንድ ሰው ጎን የተቀበረች ድመት መገኘቷ በ2004 ተገልጧል። ድመት እዳሪዋን በልል አፈር ቆፍራ መቅበር ልማዷ ነው። እኛ ዘር ለመዝራት አፈሩን ቆፍረን፣ ጓሉን ፈጭተን፣ ድንጋዩን ለቅመን ስናለሰልሰው፣ እርሷ ለእርሷ የተዘጋጀ ይመስላታል። «ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» ማለት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የውሻው ነገር ሌላ ነው። ውሻ ሽንቱን እንደ ማኅተም የሚያትም እንስሳ ነው፤ አንዱ ባተመበት ሌላው ሳያትም አያልፍም። ሽንቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ገበሬዎቻችን ዩሪያ ብለው በጆንያ ከሚገዙት ማዳበሪያ ጋር የሚዛመድ ስለ ሆነ፣ በጥቂቱ ሣሩን ያለመልማል፤ ባንድ ቦታ ሲበዛ ግን ያቃጥለዋል። በውሻ የሚሞት ተክል አብዛኛውን ጊዜ በጥጋብ የሚሞት ነው ማለት ይቻላል።

ከአበባው የሚከብድም ነገር አለ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ በ1908 በቱኒስ ከተማ ተገኘ። ይህ ተሕዋስ በድመት እዳሪ አማካይነት ወደ አፈር እንደሚገባ በትክክል የታወቀው ግን ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በፀነሰች ሴት ላይ ሲደርስ ለሕፃኑ አደገኛ ስለ ሆነ፣ የአበባ መደብ የምትኰተኵት እናት ጓንት ማድረጓና እጇን መታጠቧ የቅንጦት ነገር አይደለም። ይህንንም ለዘበኛው ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙን፤ ቀጥለውም ጓንቱን መሥሪያ ቤቱ ይገዛ እንደ ሆነ ጠየቁን።

የቀድሞ ሰዎች ከእሾህ ሌላ በሽታም አጥረዋል። ፓላዲዩስ ርግብ ከሚኖርበት ቤት ጠላት የሆኑ አራዊት እንዲርቁ በየቦታው የጤና አዳም ቅርንጫፍ እንዲንጠለጠል ይመክራል። በ1260 ገደማ አልቤርቱስ ማግኑስ የተባለው የጀርመን ሊቅ ለዓይንና ለአፍንጫ ደስታ ብቻ ስለሚሠራ የአትክልት ቦታ ሲጽፍ፣ ጤና አዳም ቅጠሉ ያማረ ከመሆኑም በላይ ምሬቱ መርዘኛ እንስሳትን ያርቃል ብሎ በመደቡ እንዲተከል ያደርጋል። በአገራችን ጤና አዳም የማይገኝበት ጓሮ ጥቂት ነው፤ እኛ ግን ከቡና ስኒ ውስጥ እንጨምረዋለን እንጂ ዘበኛ አድርገን አናቆመውም። ድመት ሽታውን እንደማትወድ በብዙ አገር ይነገራል። እኛም ሞክረነዋል፤ ውጤቱን በስተመጨረሻ እንናገራለን።

ሽታ የሚያርቅ እንዳለ ሁሉ የሚጠራም አለ። ኔፔታ የሚባለው፣ የናና ወገን የሆነ ቅጠል፣ ድመትን እንደ ሰካራም ያደርጋታል። በለንደን የቼልሲ የመድኃኒት ተክል ቦታ ኀላፊ የነበረው ፊሊፕ ሚለር በ18ኛው መቶ ዓመት ስለዚህ ተክል የሚገርም ነገር ጽፏል። ተነቅሎ የተተከለውን ድመቶች ይንከባለሉበትና ያጠፉታል፤ በዘሩ በቦታው የበቀለውን ግን አይነኩትም። ምክንያቱም ሲተክሉት ቅጠሉ በእጅ ስለሚታሸት ሽታው ይወጣል። እንግዲህ ድመቷን የሚጠራት ራሱ የአትክልተኛው እጅ ነው ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ከዚህ በኋላ የአጥር ነገር ሁለት መንገድ ያዘ። ባለጠጎቹ አጥር ዓይንን ይከለክላል ብለው ጠሉትና፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ግድግዳውን ወደ ጕድጓድ አወረዱት። ከብት የማያልፈው፣ ከሰገነት ሆኖ ለሚመለከት ግን የማይታይ ጥልቅ ቦይ ተቈፈረ። ሰው ሳያስበው ከጫፉ ሲደርስ «ሃ! ሃ!» ብሎ ስለሚደነግጥ ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ። ለከብቱ ይህ በቂ ነበረ፤ ድመት ግን በጕድጓድ አትመለስም። ለመካከለኛው ሰው የደረሰለት በ1844 በኖሪች ከተማ ቻርልስ ባርናርድ የተባለው የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ከተማዋ በሸማ ሥራ የታወቀች ስለ ነበረች፣ እርሱም የሸማኔውን ዕቃ አይቶ ሽቦ እንደ ክር የሚሸምን መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በየዶሮ ቤቱ የምናየው የሽቦ መረብ የመጣው ከዚህ ነው። አትክልተኞች ይህንን መረብ በዙሪያው ከማቆም ይልቅ በመደቡ ላይ አጋድመው ጥቂት አፈር ቢያለብሱበት፣ ችግኙ በቀዳዳው ይወጣል፣ ድመቷ ግን መቈፈር አትችልም።

አጥር ያልመለሰውን ዳኛ መመለስ ነበረበት። ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ ክፍል ሳይጥም አይቀርም። በ450 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተጻፈው የሮማውያን የ12 ሰሌዳ ሕግ፣ እንስሳው ጕዳት ያደረሰበት ሰው ሲከስ፣ ባለቤቱ ካሣ ይክፈል ወይም እንስሳውን ያስረክብ ይላል። ይህ አሳብ ከ2,400 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አርቃቂው ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የሆነው፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው አምልጦ ላደረሰው ጕዳት እንኳ ኀላፊ ነው ይላል፤ ነገር ግን የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጐዳው ሰው በመልቀቅ ከኀላፊነቱ ሊድን ይችላል። እንግዲህ ጎረቤቱ ጽጌረዳችንን ላጠፋችበት ድመት ተጠያቂ ቢሆን፣ ድመቷን ራሷን አምጥቶ ሊያስረክበን ይችላል። ካሣ ብለን የጠበቅነው ወንጀለኛውን መቀለብ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ጕዳይ ደግሞ ባለቤቱም ተጐጂውም መሥሪያ ቤቱ ስለ ሆነ፣ ክሱን ማን በማን ላይ እንደሚያቀርብ ግልጽ አልሆነልንም።

የእንግሊዝ ዳኞች ከዚህ የተለየ ፈረዱ። በ1926 በይግባኝ የታየ ነገር ነው። አንዲት ድመት ከጎረቤት ግቢ ገብታ ርግቦችና ዶሮዎች ገደለች። ባለርግቡ ከሰሰ። ዳኞቹ ግን ድመት የምታደርገውን ያደረገችው በተፈጥሮዋ ነው፤ ባለቤቷም ኀላፊ አይሆንም ብለው ወሰኑ። በዚያ አገር በጎችና ከብቶች ላይ ጕዳት ለሚያደርስ ውሻ ባለቤቱ እንዲጠየቅ ከ1906 ጀምሮ ሕግ ወጥቶ ነበር። ስለ አበባ ግን አላነሡም።

ከጓሮ ወጥተን ወደ ሕዝብ መናፈሻ ስንደርስ የአጥሩ ታሪክ መልኩን ይለውጣል፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። በግል ግቢ አጥሩን የሚሠራው እሾህ ነው፤ በሕዝብ መናፈሻ ግን በሩ ላይ የተሰቀለ ደንብ ነው። ደንብ ደግሞ እንደ እሾህ በእግር የሚሄደውን ሁሉ እኩል አይወጋም፤ የሚወጋውን ይመርጣል።

በቻይና አገር በሻንጋይ ከተማ፣ በኋንፑ ወንዝ ዳር፣ በ1868 አንድ የአበባ መናፈሻ ተከፈተ። የሠራው የውጭ አገር ሰዎች የሚያስተዳድሩት የከተማ ሸንጎ ነበረ። በዚያ ክልል የሚኖሩ ቻይናውያን ለሸንጎው ግብር ይከፍሉ ነበር፤ በመናፈሻው ግን መግባት አልተፈቀደላቸውም። የፈረንጅ ልጅ ታቅፋ የምትመጣ ሞግዚት ግን ትገባ ነበር። በ1917 የወጣውን ደንብ እንይ። አንደኛው አንቀጽ መናፈሻው ለውጭ አገር ማኅበረ ሰብ የተጠበቀ ነው ይላል። አራተኛው አንቀጽ ደግሞ ውሻና ቢስክሌት እንዳይገቡ ይከለክላል። የከተማዋ ታላላቅ ቻይናውያን ከ1880ዎቹ ጀምሮ አቤቱታ ቢያቀርቡ፣ በ1890 ለቻይናውያን የተለየ ሌላ መናፈሻ ተሠራላቸው፤ ዋናው በር የተከፈተላቸው ግን በ1928 ነው።

በሕዝቡ አፍ የቀረው ታሪክ ከዚህ ይበረታል። ቻይናዊንና ውሻን በአንድ ዐረፍተ ነገር የከለከለ ሰሌዳ በበሩ ተሰቅሎ ነበር ይባላል። በ1972 የወጣ አንድ የሆንግ ኮንግ ሲኒማም ተዋናዩ ብሩስ ሊ ይህንን ሰሌዳ በእርግጫ ሲሰብረው ያሳያል። በ1995 ሮበርት ቢከርስና ጄፍሪ ዋሰርስትሮም የተባሉ ሁለት የታሪክ ሊቃውንት ነገሩን መርምረው፣ በዚያ ቃል የተጻፈ ሰሌዳ ስለ መኖሩ ማስረጃ እንደማይታይ፣ ሁለቱም ክልከላዎች ግን በተለያየ አንቀጽ በእርግጥ እንደ ነበሩ አስረዱ። እኛ በደንብ ማርቀቅ የምንተዳደር ሰዎች ስለ ሆንን ይህ አስደንግጦናል። ጸሐፊው ሁለቱን በተለያየ ቍጥር አስቀምጧቸዋል፤ በመካከላቸውም ሌሎች አንቀጾች አሉ። በበሩ ቆሞ የሚያነበው ሰው ግን ቍጥሩን አላየም፤ ከማን ጋር እንደ ተቈጠረ ነው ያየው።

እኛም ኢትዮጵያውያን ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የምናውቀው አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን አዲስ አበባ የነጭና የአገሬው ሰፈር ተብላ እንድትከፈል ታቅዶ፣ አገሬው ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ከተማ እንዲሄድ ተደርጓል። የዛሬው መርካቶ ስሙን ያገኘው ከዚያ ጊዜ ነው።

ከተማችን በአበባ ስም የተጠራች መሆኗንም አንርሳ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ሲሰፍሩ ያዩት አበባ በመደብ የተተከለ ሳይሆን በሜዳ የበቀለ ነበር። በኋላ መኳንንቱና ሕዝቡ እየሰፈሩ ሲሄዱ ግቢው ሁሉ በእሾህ፣ በቅንጭብና በቁልቋል፣ ቆይቶም በባሕር ዛፍ እንጨት ታጠረ። ሌሊት ሌሊት ጅብ ከየሸለቆው እየወጣ በመንገዱ ይዘዋወር ስለ ነበረ፣ ውሻ የሌለው ግቢ ዘበኛ እንደሌለው ይቈጠር ነበር። ጅቡ ዛሬ ወደ ከተማዋ ዳር ቢርቅም ጨርሶ አልጠፋም። ውሻው ግን ከግቢው ወጥቶ በየመንገዱ በዛ፤ የእብደት በሽታም ስላለበት፣ ክትባት ያላገኘ ውሻ የሚፈራው ስለ አበባ ብቻ አይደለም። ይህ መርዝ ሳይሆን ክትባትና ባለቤት የሚሻ ነገር ነው፤ ፓስተር በ1885 መንገዱን ካሳየ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ወደ መሥሪያ ቤታችን እንመለስ። ማስታወሻውን ሳንፈርም መለስነው፤ ከታቹም አራት መሥመር ጻፍን። ውሻው እንዲከተብ፣ ለእርሱም በስተ ኋላ በኩል ጥላ ያለው ቦታ እንዲለይ፣ ለድመቷም በግንቡ ጥግ አንድ ሳጥን አሸዋ እንዲቀመጥ፣ ለዘበኛውም ጓንት እንዲገዛ አሳሰብን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፈረሙት ሰዎች ሁለቱ ፊርማቸውን ሰረዙ። መርዙ አልተገዛም። ጓንቱም እስካሁን አልተገዛም።

ዘበኛው ግን ትእዛዝ አልጠበቁም። አንድ ቅዳሜ ከአገራቸው ሲመለሱ አንድ እስር የቀጋ ቅርንጫፍ ይዘው መጡና ከችግኞቹ መካከል በባዶው አፈር ላይ ረበረቡት፤ በአራቱም ማዕዘን ጤና አዳም ተከሉ። አፈሩንም ማታ ማታ ውሃ ያጠጡታል፤ ድመት ርጥብ መሬት አትወድም ይላሉ። በመስከረም ከቀሩት ዘጠኝ ጽጌረዳዎች ሰባቱ አበቡ። ድመቷ ከጤና አዳሙ ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ከሁለቱ ሳያብቡ ከቀሩት አንደኛው በጥቅምት መጀመሪያ እንደ ገና ተነቅሎ ተገኝቷል፤ በማን እንደ ተነቀለ ምርመራው አላለቀም።